ሁለት መቶ ባዶ ጆንያ ይዞ ድሬዳዋ

ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በነዚህ ዓመታት ልጆችን በሰሌዳ ላይ ድሬዳዋ ያላደረስኩበት ሴሚስተር የለም። እኔ ራሴ ግን እስካለፈው ጥር ድረስ ከአዳማ አልፌ አላውቅም ነበር። አዳማም የሄድኩት ለሰርግ ነው። ይህን የምጽፈው እንደኔው ካርታውን አውቀው መንገዱን ለማያውቁ ሰዎች፣ በተለይም ደረጃ ላይ እያስቆሙ "ቲቸር ሰብለ፣ ምን አየሽ?" ለሚሉኝ የብሎካችን ነዋሪዎች ነው። አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ምክንያቱን ልናገር። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በአንድ ብሎክ የምንኖር ሰባት ሰዎች ዕቁብ ነበረን። ዕጣ እያወጣን ሶፋና ቴሌቪዥን ከምንገዛ ብሩን አንድ ላይ አድርገን የጭነት መኪና እንግዛ ያልኩት እኔ ነኝ። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለውን እንኳ ሳላስቀር ነው ያሳመንኳቸው። ያገለገለ ኤፍኤስአር አይሱዙ ገዛን። ሾፌሩ ከሰባታችን አንዱ፣ ጋሼ ተክሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን መሪ ላይ የጨረሱ፣ ጡረታ ሲወጡ ያገኙትን ገንዘብ በሙሉ በዚህች መኪና ላይ ያዋሉ ሰው ናቸው።

ችግሩ መኪናችን ጭና ትሄድና ባዶዋን ትመለሳለች። በመሄጃው የተገኘውን ትርፍ የመመለሻው ነዳጅ ይበላዋል። ሦስት ወር እንዲህ ስንል ከርመን አንድ ገዢ መጣ። ሰብሳቢያችን አቶ ግርማ፣ በመሥሪያ ቤታቸው የፋይናንስ ሠራተኛ ናቸውና ነገር ማንዛዛት አይወዱም፣ "የሚመጣው እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድምፅ እንስጥ" አሉ። ደረጃውን አብረን ስንወርድ ጋሼ ተክሌ ሳቅ ብለው፣ "ከተሸጠች እንግዲህ አንዱ ፋብሪካ በር ላይ ዱላ ይዤ መቀመጤ ነው" አሉኝ። ሳቃቸው አንጀቴን በላው። ተመልሼ ወጥቼ የአቶ ግርማን በር አንኳኳሁና አንድ ጉዞ ለመንኩ። ጭነን ሄደን፣ ጭነን እንመለሳለን። እሑድ ባዶ ከመጣን ግን ትሸጥ፣ እኔም እጄን አወጣለሁ አልኩ።

ትምህርት ቤት የሴሚስተር ዕረፍት ላይ ስለነበር ሁለት ቀን ሙሉ ካርታና ማስመሪያ ይዤ ተቀመጥኩ። መሄጃው ተገኘ፦ ከቃሊቲ ቆርቆሮና ሚስማር፣ ድሬዳዋ ላለ አብዲ ለሚባል የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ። መመለሻውንም በስልክ ጨረስኩ፦ ከድሬዳዋ ቁርጥራጭ ብረት፣ አቃቂ ለሚያቀልጡት። የብረቱን ነጋዴ "ሐሙስ ልክ ስድስት ሰዓት እደርሳለሁ" ስለው "ኢንሻ አላህ" አለኝና ዘጋው። ፕሮግራሙን በኮምፒውተር ጻፍኩ፣ በቀለም ለየሁ፣ ላሚኔት አስደረግኩት። ለጋሼ ተክሌ ስሰጣቸው መነጽራቸውን አውጥተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ፣ እንደገና አነበቡና "ጥሩ ነው ቲቸር" አሉ። ጉንፋን መስሎኝ ዝንጅብል እንዲጠጡ መከርኳቸው።

ረቡዕ

አንድ ሰዓት ላይ ጭነቱ ሸራ ለብሶ፣ ታስሮ፣ ሞተር ተነሥቶ ልንንቀሳቀስ ስንል ሙኒራ ከሱቋ እየሮጠች ወጣች። ሙኒራ ከሰባታችን አንዷ ናት፤ የስልጤ ልጅ፣ ከብሎካችን ሥር ዱቄትና ዘይት ትቸረችራለች። ከኋላዋ አራት እስር ባዶ የዱቄት ጆንያ በጋሪ ይገፋል።

"ይሄ ምንድነው?" አልኳት።

"ሁለት መቶ ጆንያ። ድሬ ሽጪልኝ። ካልተሸጠ ግን አንድ ሳይጎድል ይመለስልኝ።"

"ሙኒራ፣ ጭነቱ ታስሯል። የት ላድርገው?"

"ጋቢናው ውስጥ ያለሽው አንቺ ብቻ አይደለሽ እንዴ?" አለችና ሁለቱን እስር ከመቀመጫው ጀርባ፣ ሁለቱን እግሬ ሥር ጠቀጠቀችው። ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ። በፕሮግራሙ ላይ ጆንያ የሚል ነገር አልነበረም።

የፈጣን መንገዱን ገንዘብ መክፈያ ካለፍን በኋላ አዳማ ድረስ ያለውን እንኳ አላወራውም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ከአዳማ በኋላ ግን እንደ ተማሪ መስኮት ላይ ተለጠፍኩ። ወለንጪቲን አልፈን መሬቱ እየቀላ፣ ግራሩ እያጠረ ሄደ። አቃቂ በዚህ ወር ጠዋት ጠዋት በካፖርት ነው የሚወጣው፤ እኔ ግን መተሐራ ሳንደርስ ሹራቤን አውልቄ ጆንያው ላይ ወረወርኩት።

በሰቃ ሐይቅ አጠገብ የኋላው ጎማ ፈነዳ። የረዳት አበል ለመቆጠብ ብዬ ረዳት አያስፈልግም ያልኩት እኔ ስለሆንኩ ረዳቱ እኔ ነኝ። ጋሼ ተክሌ "ታኮ አድርጊ" ብለው ጮኹ። ታኮ ማለት መኪናው እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የሚደረግ እንጨት ነው። ዘልዬ ወረድኩና በፊት ለፊት በኩል አስገባሁት።

"ቲቸር" አሉ ረጋ ብለው፣ "ዳገት ላይ ነን እኮ። መኪናዋ የምትሄደው ወደ ኋላ ነው።"

"ይቅርታ ጋሼ!"

"ተዳፋት ምናምን እያልሽ ታስተምሪያለሽ አይደል?"

ክሪኩን ሲያነሱ፣ ብሎኑን ሲፈቱ፣ እኔ መፍቻ ሳቀብልና ስሳሳት አንድ ሰዓት ሄደ። በሸንኮራ አገዳ እርሻው በኩል የሚያልፉ ሁለት ሠራተኞች ሳይጠየቁ መጥተው አሮጌውን ጎማ አንከባለው ሰቀሉልን። ላመሰግን ስል አንደኛው አገዳ ቆርጦ ሰጠኝና ሄደ። አገዳውን እያኘክሁ አዋሽ ደረስኩ። ምሳ ያቺው የረቡዕ ሽሮ ናት። እዚያ ለምግብ ቤቱ ባለቤት ጆንያዎቹን ላስረክብ ሞከርኩ፤ በነጻ ጭምር። "ምን ላደርገው?" አለችኝ። ጋሼ ተክሌ ከወዲያ ሆነው፣ "ጆንያ አይጣልም ቲቸር" አሉ።

ጭሮ የገባነው ጀንበር ስትጠልቅ ነው። ጋሼ ተክሌ ከመሸ አይነዱም። አልጋ ቤቱ ጡብ የሚያህል እንጨት የታሰረበት ቁልፍ ሰጠኝ። ክፍሌን ከፍቼ ገና እግሬን ሳስገባ የቤቱ እመቤት መጣችና በሩን ገፋ ገፋ አድርጋ፣ "ይሄ መቀርቀሪያው አይታመንም፣ አንቺ ከልጄ ጋር ነው የምታድሪው" ብላ ሻንጣዬን አንሥታ ሄደች። ገንዘቤንም መለሰችልኝ። እራት የማሽላ እንጀራ በምስር ወጥ ነበር፤ ከኛ ጤፍ ጠንከር ይላል፣ ግን ሁለተኛውን እንጀራ የጠየቅኩት እኔው ነኝ።

ሐሙስ

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ከጭሮ ወዲያ ያለውን መንገድ በካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አድርጌ ነበር የማስተምረው። ልጆቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ቀጥ ያለ ነገር የለውም። ተራራው ጫፍ ለጫፍ ይወስድሃል፣ ከዚያ ደግሞ ያወርድሃል። ሂርናን አልፈን ቁልቢ ስንደርስ ጋሼ ተክሌ መኪናዋን አቀዝቅዘው አማተቡ። እኔም በመስኮቱ በኩል ወደ ገብርኤል ዞሬ፣ ሙሉ ጭነን ከተመለስን ጧፍ አስገባለሁ ብዬ ተሳልኩ።

"ምን ተሳልሽ?" አሉኝ።

"አይነገርም ጋሼ።"

"እኔም ያንኑ ነው የተሳልኩት" አሉ።

ደንገጎን ወርደን ድሬዳዋ ስንገባ ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ! ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ላሚኔቱን አውጥቼ ለጋሼ ተክሌ አሳየኋቸው። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

ከተማው ግን ጸጥ ብሏል። ሱቆቹ ተዘግተዋል፣ ባጃጆቹ ዛፍ ሥር ቆመው ሾፌሮቹ እግራቸውን በመሪው ላይ ሰቅለው ተኝተዋል። አንድ ፍየል ብቻ አስፋልቱን ያቋርጣል። የአብዲ መጋዘን ላይ የእጄን ቡጢ የሚያህል ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ስደውልለት እንቅልፍ ባነቀው ድምፅ፣ "አቦ ተኝቻለሁ! አሥር ሰዓት ላይ" አለና ዘጋው። አቃቂ በዚህ ሰዓት ሰው ሲጋፋ፣ ታክሲ ሲጠራ፣ የፋብሪካ ፈረቃ ሲገባና ሲወጣ ነው። እዚህ ግን ምሳ ተበልቶ፣ ጫቱ ቀርቦ፣ ጥላ ሥር ጋደም ይባላል። ከተማው የሚነቃው አሥር ሰዓት ነው።

ወደ ጋሼ ተክሌ ዞርኩ። "ጋሼ፣ ይሄን ያውቁ ነበር?"

"ድሬን ሃያ ዓመት ተመላልሼበታለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

መሪውን በጨርቅ ይወለውሉ ጀመር። "አልጠየቅሽኝም" አሉ በመጨረሻ። "አንቺ ደግሞ የተማርሽ ሰው ነሽ፣ ምን አውቄ ላርምሽ? ደግሞ ላሚኔት አድርገሽዋል። እርሳስ ቢሆን እናገር ነበር።"

መናደድ አማረኝ፣ በማን እንደምናደድ ግን አጣሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይሉ የለ፤ እኔ ጠምጥሜ ነው የመጣሁት። አንድ ቃል ጠይቄያቸው ቢሆን በጠዋት እንድንደርስ ያደርጉ ነበር።

መኪናዋ ሥር ጥላ ፈልገን ቁጭ እንዳልን ከመጋዘኑ ቀጥሎ ያለው በር ተከፈተና አንዲት ጠይም፣ ረጅም ሴት ብቅ አሉ። የአብዲ አክስት፣ ዘሃራ።

"አቦ ግቡ! ምን ፀሐይ ላይ ትጠበሳላችሁ?"

"እግዜር ይስጥልኝ እርስዎ፣ አናስቸግርዎትም" አልኩ።

ወደ ኋላቸው ዞረው ሌላ ሰው እንዳለ ፈለጉ። "ማንን ነው እርስዎ የምትይው? እኔ ዘሃራ ነኝ። አንቺ በይኝ።"

ይሄ ለኔ ከዳገቱ በላይ የከበደ ነገር ነው። በኛ ሰፈር ሽማግሌን አንተ ያለ ልጅ ጆሮው አይተርፍም። እዚህ ሁሉም አንተና አንቺ ነው፤ ይዘው ያቀፉህ ያህል ይሞቃል እንጂ ንቀት የለውም። የሰባ ዓመት ሴት ግን እንዴት አንቺ እላለሁ? እስክንሄድ ድረስ "ወይዘሮ ዘሃራ" እያልኩ፣ እሳቸውም በየጊዜው እየሳቁብኝ ቆየን።

ግቢያቸው ሰፊ ነው፤ ግማሹን ከነቅርፊቱ የተቆለለ ለውዝ ሞልቶታል፣ ቁመቱ ወገቤ ድረስ ይደርሳል። ምንጣፍ ተነጥፎልን ሩዝ ቀረበ። ወይዘሮ ዘሃራ ስጋውን ለራሳቸው ሰዎች፣ ለኛ ለክርስቲያኖቹ ደግሞ እንቁላል ለብቻው አስጠብሰው አመጡልን፤ ማንም አልነገራቸውም። ሩዙ ላይ ሙዝ ልጠው አስቀመጡልኝ። ሙዝ በሩዝ! አቃቂ ላይ ይህን ባደርግ እናቴ ሐኪም ትጠራለች። በላሁት፤ ይጣፍጣል።

"ከየት መጣችሁ?" አሉኝ።

"ከአቃቂ በኩል።"

"አቃቂ! ባቡሩ የሚቆምባት? ልጅ ሆኜ ሸገር ስሄድ በመስኮት ቆሎ ገዝቼባታለሁ። መልሱን ሳልቀበል ባቡሩ ሄደ።"

"እኔ እከፍልዎታለሁ" አልኩ። ሳቁና አንድ እፍኝ ለውዝ አሸከሙኝ። ትራስ ሰጡን፣ ጋደም አልን። ጋሼ ተክሌ ወዲያው አንኮራፉ። እኔ ግን የብረቱን ነጋዴ እያሰብኩ ዓይኔ አልተከደነም።

አሥር ሰዓት ላይ አብዲ እየዘለለ መጣ፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። "ተክሌ! እንዴት ነህ አቦ!" ብሎ ጋሼ ተክሌ አንገት ላይ ተጠመጠመ። እኔ ደነገጥኩ፣ እሳቸው ግን አሥር ዓመት የወጣላቸው ይመስላሉ። ቆርቆሮውን በፍጥነት አራገፍን። ከዚያ ወደ ብረቱ መጋዘን ሮጥን። ግቢው ተጠርጎ ባዶ ነበር።

"ጠዋት የመጣ መኪና ጫነው" አለ ነጋዴው ሳይከፋው። "ስድስት ሰዓት እመጣለሁ ስትይኝ የምትቀልጂ መስሎኝ። ድሬ ማን ስድስት ሰዓት ይመጣል?"

ወይዘሮ ዘሃራ ከሴት ልጆቻቸው ጋር አሳደሩኝ። ጋሼ ተክሌ መኪናዋ ውስጥ፣ ጆንያዎቹ ላይ ተኙ። "ይመቻል" አሉኝ ጠዋት።

ዓርብ

ጠዋቱን የጭነት መኪኖች ተራ የሚይዙበት ሜዳ ላይ ዋልን። ተራው እንደ ዳቦ ቤት ሰልፍ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ይጭናል። ተራ አስከባሪው ስማችንን ጻፈና "ማክሰኞ ብቅ በሉ" አለን። ማክሰኞ! ድምፁ የሚሰጠው እሑድ ነው። ደላሎቹን አንድ በአንድ ለመንኩ። አንዱ በዚያው ቀን መኪናዋን ለግመል ማመላለሻ ሊያከራይልን ፈለገ፤ ጋሼ ተክሌ የመኪናዋን ስፖንዳ፣ የጎን መከለያውን፣ ዳሰስ አድርገው "ግመል ይሄን ዘሎ ይወርዳል" አሉ። ሌላው መንገድ ሲያሳየን ግንብ ሥር አስገባንና ሸራችን ተቀደደ።

ወደ ወይዘሮ ዘሃራ ግቢ ስንመለስ ቀትር ሆኗል፣ ሰው ሁሉ ጁምዓ ሊሰግድ ሄዷል። አፈርኩ። የሰባት ሰው ገንዘብ በኔ ቃል ነው የተሰበሰበው። ከሁሉም በላይ ጋሼ ተክሌን ማየት አልቻልኩም። እሳቸው ግን ጎኔ ቁጭ ብለው፣ "አይዞሽ ቲቸር። ዱላውን ቀጭን እመርጣለሁ፤ ከባድ ከሆነ ትከሻዬን ያመኛል" አሉ። ስቄ ስጨርስ ዓይኔ እንባ አዝሎ ነበር።

የምሳው ሳህን ሲመጣ ሩዙ ከድንች ጋር፣ ከላዩ የለውዝ ወጥ ፈስሶበታል። "ዓርብ አይደለ? ትጾማላችሁ" አሉ ወይዘሮ ዘሃራ። የሰውን ጾም ያስታወሱት የራሳቸው ግቢ በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ ነው። ከጁምዓ የተመለሱት ዘመዶቻቸው ነጫጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ምንጣፉን ሞሉት፣ ትራሱም ለነሱ ተሰጠ። እኔ ከእንግዲህ የምቸኩልበት ነገር አልነበረኝምና እንደ አገሩ ልተኛ ብዬ ከጋቢናው ጥቂት ጆንያ አመጣሁ፣ አጥፌ ተንተራስኩ።

ዓይኔን ከድኜ ሳልጨርስ ትራሴ ከሥሬ ተሳበ። ወይዘሮ ዘሃራ ጆንያውን ወደ ብርሃን አንሥተው ስፌቱን ያያሉ።

"ይሄ ከየት መጣ?"

"ከጎረቤቴ። የዱቄት ጆንያ ነው። ይቅርታ፣ ንጹሕ ነው—"

"ስንት አለሽ?"

"ሁለት መቶ።"

"ሁለት መቶ!" ጮኹ። "ሁለት መቶ ጆንያ ይዘሽ ሁለት ቀን ግቢዬ ትተኛለሽ? ተነሺ አቦ! ሁላችሁም ተነሡ!"

ነገሩ እንዲህ ነው። ገበሬው ለውዙን ከባቢሌ በኩል ያመጣል፣ ወይዘሮ ዘሃራ ግቢ ይገለብጣል፣ ከዚያ ጆንያውን አጥፎ ብብቱ ሥር አድርጎ ይሄዳል። ለውዙን ሸጠ እንጂ ጆንያውን አልሸጠም። በዚህ ሰሞን ደግሞ ሁሉም ምርቱን ስለሚያወጣ ደህና ጆንያ የለም፤ ገበያ ላይ ያለው አሮጌ ነው፣ ለውዙ በቀዳዳው መንገድ ላይ ያልቃል። ሳሪስ ያለው ገዢያቸው በየቀኑ እየደወለ ይጨቀጭቃቸዋል። ያ ክምር የተቀመጠው መያዣ አጥቶ ነው። እኔ ለካ ሁለት ቀን ሙሉ ጭነቴን እየቆረጠምኩ ነበር። እሳቸውም ብረት ልንጭን እንደመጣን ስለሰሙ የመኪናዋን ነገር ለማንሣት አላሰቡም።

"መያዣው ባዶውን ይዞራል፣ መያዣ የሚፈልገው ደግሞ መሬት ላይ ተቀምጧል" አሉ ጋሼ ተክሌ። ከእንቅልፋቸው ነቅተው ቆመዋል።

ጀለቢያ የለበሱት እንግዶች እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አንዱ የጆንያውን አፍ ይይዛል፣ አንዱ በሳፋ ይጨምራል፣ ጋሼ ተክሌ በትልቅ መርፌና በሲባጎ ይሰፋሉ። እኔ ስቸኩል አንድ ሙሉ ጆንያ ገለበጥኩ። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!" አሉ ወይዘሮ ዘሃራ፤ ተንበርክኬ ለቀምኩ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሁለት መቶው ሁሉ ተሰፍቶ ተደርድሯል። የሚገርመው ማንም ሰዓት አላየም፤ እኔም ጭምር።

ቅዳሜ

በጠዋት ጫንን። ለውዝ ከነቅርፊቱ ቀላል ነው፣ መኪናዋ እስከ ስፖንዳው ጫፍ ሞላች፤ የተቀደደውንም ሸራ የወይዘሮ ዘሃራ ሴት ልጅ ሰፍታልናለች። ኪራዩን የሳሪሱ ሰው ሲረከብ ይከፍላል ተባብለን በስልክ ጨረስን። ስንሰናበት ወይዘሮ ዘሃራ ሌላ ትንሽ ጆንያ ለውዝ ጋቢናው ውስጥ ወረወሩ። "ይሄ ለዕቁብተኞቹ ነው። በሚቀጥለው ደግሞ ሦስት መቶ ጆንያ አምጪ።" በሚቀጥለው ሲሉ ጋሼ ተክሌ ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ አልቻሉም፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ቁልቢ ላይ ቆመን ሁለታችንም ጧፋችንን አስገባን። አዋሽ የገባነው አመሻሽ ላይ ነው። ከአልጋ ቤቱ ግቢ አንዲት ጦጣ ሸራው ውስጥ ገብታ በሁለት እጇ ለውዝ ይዛ ስትወጣ፣ ጋሼ ተክሌ ኮፍያቸውን እያወዛወዙ አባረሯት። ተመልሳ ኮፍያቸውን ወሰደችው።

እሑድ

ለማንም አልደወልኩም። ስምንት ተኩል ላይ ቱሉ ዲምቱ ስንገባ ወንበሮቹ ከብሎካችን ፊት ለፊት ተደርድረዋል፣ ገዢውም ቀድሞ መጥቶ ቆሟል። ጋሼ ተክሌ መኪናዋን አቆሙና ከጋቢናው አልወረዱም። "እኔ እዚሁ እሆናለሁ" አሉ።

የወይዘሮ ዘሃራን ስጦታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። አቶ ግርማ መኪናዋን ዞረው ዞረው አዩ፣ ሸራውን በጣታቸው ጫኑት፣ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና አንድ ለውዝ ፈለቀቁ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ላሚኔቱን ሳይቀር። ከዚያ አቶ ግርማ "በአሠራሩ መሠረት እንጠይቃለን፣ ትሸጥ የምትሉ እጅ አውጡ" አሉ።

የሚሰማው የቅርፊት ድምፅ ብቻ ነበር። የሁሉም እጅ ለውዝ ላይ ነው። ድንገት ግን ሙኒራ እጇን አወጣች።

"ጆንያዬስ?" አለች።

"ነገ ሳሪስ እናራግፋለን፣ ጆንያውን አጥፈን ይዘን እንመጣለን" አልኩ ተንፍሼ። "አንድም አይጎድልም። የባቢሌ ገበሬዎች እንዲህ ነው የሚያደርጉት።"

"እንዲያ ከሆነ መቶ ልጨምር" አለችና እጇን ወደ ለውዙ መለሰች። ገዢው ኪሱን ሞልቶ፣ ሰላም ብሎን ሄደ።

ወደ መኪናዋ ሄድኩና ጋቢናው ውስጥ ገባሁ። እግሬ ሥር ጆንያ ስለሌለ ቦታው በዛብኝ። ጋሼ ተክሌ መሪውን ይዘው ወደ ፊት ያያሉ፤ ምን ተባለ ብለው አልጠየቁም። ቦርሳዬን ከፍቼ ባዶ ወረቀትና እርሳስ አወጣሁ፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩት።

"ጋሼ፣ በሚቀጥለው ስንት ሰዓት እንነሣ?"

ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት። መነጽራቸውን ፈልገው አወጡ፣ በሸሚዛቸው ጠረጉት፣ ዓይናቸውንም ጠረጉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። ጉንፋን እንዳልሆነ አሁን አውቃለሁ። እስኪናገሩ ጠበቅኳቸው።